በብርድ ወራት ቅርንጫፍ ስንቆርጥ

ለጥቂት ቀናት የዓይን ደስታ ሲባል ሕይወት ያለውን ነገር መቁረጥ ተገቢ ነውን? በአገራችን አደይ አበባ መስኩን በሚያለብስበት በመስከረም ይህን የሚጠይቅ የለም፤ የተትረፈረፈ ነገር ልክ አያስጠይቅምና። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የብርድ ወራት፣ ጓሮው ሲራቆት፣ መቀስ ይዘን የምንወጣ ሰዎች ግን መልስ ልንሰጥበት ይገባል።

በእርግጥ ጓሮው ፈጽሞ ባዶ አይሆንም። ጥዱ እንደለመለመ ነው፤ ሆሊ የሚባለው ባለ እሾኽ ቅጠል ዛፍ ቀይ ፍሬውን ይዞ ይቆያል፤ አይቪ የተባለው ሐረግም ከግንቡ አይወርድም። ከዶግዉድ ቁጥቋጦዎች አንዳንዶቹ ቅጠላቸው ሲረግፍ ቀይ ልጣቸው ይገለጣል። በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት ከፎርሲቲያ ቁጥቋጦ ጥቂት ቅርንጫፍ ቆርጦ በቤት ውስጥ ውኃ ላይ ያቆመ ሰው፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ቢጫ አበባውን ያያል።

ነገር ግን ያ አበባ ከየት መጣ? እምቡጡ ባለፈው በጋ የተሠራ፣ ለመጪው ጸደይ የተቀመጠ ስንቅ ነው። እኛ የወሰድነው ቅርንጫፍ ጸደይ ሲመጣ በደጅ አያብብም። የሆሊና የአይቪ ፍሬም በብርድ ወራት የአእዋፍ ምግብ ነው። በአንጻሩ ቀዩ ዶግዉድ ብርዱ ሲያበቃ ዝቅ ተደርጎ ቢቆረጥ ይጠቀማል፤ ያረጀው ልጥ ይደበዝዛልና፣ አዲሱ ቡቃያ ግን ደማቅ ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ ያው መቀስ አንዱን ሲያጎድል ሌላውን ያድሳል። ስለዚህ «ቁረጥ» ወይም «አትቁረጥ» የሚል አንድ ትእዛዝ አይበቃም፤ የሚቆርጥ ሰው የሚቆርጠውን ማወቅ አለበት።

«ታዲያ ጓሯችንን ትተን ከሱቅ ብንገዛ አይሻልምን?» የሚሉ አሉ። ሆኖም በብርድ ወራት በአውሮፓ ሱቆች ከሚሸጠው ጽጌረዳ ብዙው በአውሮፕላን የሚመጣው ከኬንያና ከኢትዮጵያ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የአበባ እርሻ በዝዋይ ሐይቅ አካባቢና በሆለታ ተስፋፍቷል፤ ከሠራተኞቹም የሚበዙት ሴቶች ናቸው። ሱቅ የገባ ሰው ከመቁረጥ አልዳነም፤ የቆረጠችለት ሌላ ሴት ናት፣ ያጠጣውም የሌላ አገር ውኃ ነው። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ሥራ ስለሚተዳደር አትግዙ አንልም። ጓሮው የወሰድንበትን ጉድለት በዓይናችን ያሳየናል፤ ሱቁ ግን ይሸፍንብናል። ስለዚህ የገዛነውን ጽጌረዳ ማን እንደ ለቀመው፣ በምን ደመወዝ እንደ ለቀመው መጠየቅ ከእኛ ይጠበቃል፤ ይልቁንም የለቀመችው የአገራችን ልጅ ከሆነች።

በጓሯችንም ሦስት ነገር ብንጠብቅ መልካም ነው። አንደኛ፣ ቅርንጫፉ ከተጨናነቀበት ቦታ እንጂ ከሳሳው አንቁረጥ። ሁለተኛ፣ ከፍሬው የሚበልጠውን ለአእዋፍ እንተው። ሦስተኛ፣ የወሰድነውን እንንከባከብ፤ ውኃ የሚነካውን ቅጠል እናንሣ፣ ውኃውን እንቀይር፣ ከማሞቂያው እናርቀው። አንድ የጥድ ዝንጣፊ፣ ሁለት ቀይ በትርና አንድ የፎርሲቲያ ቅርንጫፍ ለአንድ ቤት ይበቃሉ። በአራት ቀን ጠውልጎ የሚጣል ትልቅ እቅፍ፣ ምን እንደ ጎደለበት ሳናውቅ የወሰድነው ነው። ልኩን አውቀን የወሰድነው ጥቂት ግን ዓይንንም ደስ ያሰኛል፣ ሕሊናንም አይከብድም።