ማን ነበር?

ይጁቤ፣ አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ ተቀምጫለሁ። ይጁቤ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ ያለች የባሶ ሊበን ከተማ ናት፤ ለእኔ ግን ከሁሉ በፊት እናቴ የኖረችባት ከተማ ናት። የገበያ ቀን ስለነበር ሻይ ቤቱ ጢም ብሏል። አንድ ወጣት ስልኩን ከብርጭቆው አስደግፎ የወንጀል ታሪክ ያሰማናል። ተራኪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያን ሌሊት ግን…» ባለ ቁጥር ሻዩን የሚያማስለው ሁሉ ማንኪያውን ያቆማል። እኔ የማማስለው እንኳ የለኝም፤ ስኳር የሚባለው በሽታ ካገኘኝ ወዲህ ሻይ የምጠጣው ባዶውን ነው። ጆሮዬ ግን እንደማንኛቸውም ተቀስሯል።

ታሪኩ አለቀና ወጣቱ ዘፈን ከፈተ። ጥላሁን ገሠሠ። ቤቱ ለአፍታ ረጋ አለ። እኔም ወደ ድሮዬ ልሄድ ስል፣ ልጁ ዘወር አለና፣

«ጋሼ፣ እርስዎ የዚያ ዘመን ሰው ነዎት። እሱን በስለት የጎዳው ማን ነበር?» አለኝ።

ይኸውላችሁ፣ ዘፈኑ ገና ግማሽ አልደረሰም።

ነገሩን ለማያስታውስ ባጭሩ ልንገር። በ1985 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን ጥላሁን አንገቱ ላይ በስለት ተጎድቶ ለጥቂት ተረፈ። ያ የምናውቀው ድምፅ የሚወጣበት አንገት! አገር ደነገጠ። ሰውዬው ድኖ መድረክ ላይ ተመለሰ፤ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ እንደገና በፋሲካ ዕለት፣ እስካረፈ ድረስም ይህን ያደረገብኝ እገሌ ነው ብሎ ለሕዝብ አልተናገረም። ዐሥራ ስድስት ዓመት ማለት ነው። ስንቱ ጋዜጠኛ፣ ስንቱ ወዳጅ እያዞረ እንደጠየቀው መገመት አያቅትም።

እሱ ዝም ሲል እኛ ግን ዝም አላልንም። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ነበርኩ፤ የሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለሁ፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ። ጓደኞቼና እኔ ማታ ማታ ተሰብስበን አንዱን እንከስሳለን፣ በማግስቱ ለቀነውን ሌላውን እንይዛለን። አንዱ ምክንያት ያመጣል፣ ሌላው ያንን የሚያጠናክር «ከውስጥ አዋቂ የሰማሁት» ይጨምራል። በነገራችን ላይ፣ በኋላ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለ ሴራና ልብ አንጠልጣይነት ለተማሪዎቼ ስዘረዝር ኖሬያለሁ፤ የዚያን ሰሞኑን ያህል የተዋጣለት ልብ ወለድ ግን አላነበብኩም። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ ቤትና ልጆች ያሏቸው ሰዎች ነበሩ።

በዚያው ዓመት ክረምት እናቴን ልጠይቅ ይጁቤ መጣሁ። እናቴ ጥላሁንን የምታውቀው በሬድዮ ነው። ቡናውን ሳታፈላ፣

«በል እስቲ ንገረኝ፣ ማን ነው ያን ልጅ እንዲህ ያደረገው? አንተ አዲስ አበባ አይደል የምትኖር?» አለችኝ።

አላውቅም ማለት እችል ነበር። የተማረ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ እያየው፣ አላውቅም ይላል እንዴ? አንድ ስም ጠራሁ። የሰሞኑ ግምታችን ነበር። ስሙን እዚህ አልደግመውም፤ አንድ ጊዜ መጥራቴ በቂ ነው። እናቴ «እጁን ይቁረጠው» አለች። ጎረቤቶቿም አሜን አሉ።

ምን አለፋችሁ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ ሰው ስም በሬድዮ በተነሣ ቁጥር እናቴ ሬድዮውን ትዘጋ ነበር። ከዓመታት በኋላ ኅሊናዬ ሲቆረቁረኝ፣ «እማዬ፣ ያ ያልኩሽ ነገር እኮ ማስረጃ የለውም፤ ወሬ ነው» አልኳት። ትክ ብላ አየችኝና «አንተው አይደለህ የነገርኸኝ?» አለች። ለእሷ ከወሬው ይልቅ እኔ ነበርኩ ማስረጃው። ረግማው ሞተች። አንድ ምናልባት ምንም ያላደረገ ሰው፣ ስሟን እንኳ በማያውቃት ከተማ፣ በእኔ የተነሣ ሲረገም ኖረ።

ታዲያ አለመጠየቅ ነው መፍትሔው? አይደለም። «ዝም ማለት መብቱ ነው፣ ተዉት» ብሎ መዝጋትም አያስኬድም። ሰውን ለመግደል መሞከር የተጎጂው የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ተበዳዩ ይቅር ስላለ ብቻ ሕግ አብሮት ይቅር አይልም። ያው እጅ ነገ ሌላ አንገት ላይ ቢያርፍስ? ፖሊስና ዳኛ መጠየቅ አለባቸው። እነሱ ዘንድ ግን መልስ ይመዘናል፣ ተከሳሹ አይደለሁም የማለት ዕድል አለው፣ በሐሰት የመሰከረም ይቀጣል። የጥንቱ አፈርሳታ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር ነበረበት። ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደሆነ ያገሩ ሰው ይሰበሰባል፣ የቀረ መቀጫ ይከፍላል፣ አጥፊው ካልወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም። ግፍም ነበረበት፤ ንጹሑ ገበሬ እርሻውን ጥሎ ይንገላታል። ቢሆንም ተናጋሪው ያገሩ ሰው ነው፤ ነገ ከወነጀለው ሰው ጋር አንድ ገበያ ይወጣል። እኔ ያን ስም ስጠራ ምን ከፈልኩ? ቡናዬን ጠጥቼ፣ ተመርቄ፣ አዲስ አበባ ገባሁ።

ሌላም የሚገርመኝ ነገር አለ። ጥላሁን ከስለቱ ተርፏል። እግሩን የወሰደበት ስኳር ነው። ይህ በሽታ ነርቭን ያደነዝዛል፤ ጫማ ውስጥ የገባች ጠጠር ብታቆስል ባለ እግሩ ላይሰማው ይችላል፣ ሲያውቀውም አንዳንዴ ረፍዷል። ሐኪሜ ማታ ማታ እግርህን እየው ስላለኝ፣ ውስጥ እግሬን በመስተዋት ስፈትሽ ባለቤቴ «ምን ጠፋህ?» እያለች ትስቅብኛለች። እንግዲህ ይህ አጥፊ ማንነቱ የታወቀ፣ ሥራውም የተመዘገበ ነው። ስለ እሱ ግን በዚያ ሻይ ቤት የጠየቀኝ የለም። ጠያቂዬ ራሱ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨምሮ ነበር የሚያማስለው። የታወቀ ወንጀለኛ ወሬ አይሆንም መሰለኝ።

ልጁ አሁንም መልሴን ይጠብቃል። ፊቱ ላይ ክፋት የለም፤ የእናቴም ፊት ላይ አልነበረም።

«አላውቅም» አልኩት።

«እንዴት አያውቁም ጋሼ? የዚያ ዘመን ሰው ሆነው!»

«አላውቅም ልጄ። እሱም አልተናገረ።»

ራሱን ነቀነቀ። ዘፈኑ አልቆ ነበርና ሌላ ታሪክ ከፈተ። እኔም ሒሳቤን ከፍዬ ስወጣ፣ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው በሹክሹክታ ሲናገር ሰማሁት፦

«ያውቃሉ እኮ። መናገር ፈርተው ነው።»