የካርዷ እትዬ ጥያቄ

ሁለት ሐኪሞች ነበሩ፤ አብሮ አደጎች። በመንግሥት ሆስፒታል ሲሠሩ ቆይተው በወላይታ ሶዶ፣ ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ መንገድ ዳር፣ ትይዩ ለትይዩ መካከለኛ ክሊኒክ ከፈቱ። ሰዎቹ የተረት ሰዎች ናቸው፤ ሶዶ ሄዳችሁ አትፈልጓቸው። የደረሰባቸው ነገር ግን በብዙ ክሊኒክ በር ያለፈ ነው።

በሽተኛ አላነሳቸውም። ከሁምቦ ቆላ ወባ ያንቀጠቀጠው ይመጣል፤ ከቦዲቲና ከአረካ ነፍሰ ጡር ትመጣለች፤ በገበያ ቀን በረንዳው ላይ መቆሚያ ይጠፋል። ያስቸገራቸው ካርድ ነው። የአንደኛውን ሐኪም ካርድ ክፍል የያዙት፣ በትልቅ ሆስፒታል ካርድ ሲያወጡ ሲመልሱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ነበሩ። ሠራተኛውም ታካሚውም «የካርዷ እትዬ» ይላቸዋል።

አንድ ቀን ልጇ ያተኮሰባት እናት ካርድ ጠፋብኝ ብላ መጣች። እትዬ የልጁንና የአባቱን ስም ጠይቀው መደርደሪያውን ፈተሹ። በዚያ ስም ሦስት ካርድ ወጣ። አንዱ የሌላ ልጅ ነው። ሁለቱ የዚሁ ልጅ ሆነው አንዱ በአማርኛ፣ ሌላው ወላይትኛ በሚጻፍበት በላቲን ፊደል ተሞልቷል። ዕድሜው ሲጠየቅ እናትየው «ከጊፋታ ማግስት ነው የወለድኩት» አለች፤ ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ የየትኛው ዓመት ጊፋታ እንደሆነ ግን አላወቀችም። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን ዘረጉ። በአንደኛው ራስጌ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ፔኒሲሊን አይስማማውም» ይላል። በሌላው ላይ የለም። ሐኪሙ ጋ ሊገባ የተዘጋጀው ሁለተኛው ነበር።

ሐኪሙ በዚያው ማታ «ኮምፒውተር ይግባ» አለ።

ጎረቤትየው ቀድሞታል። ከአዲስ አበባ የመጣ ባለ ከረባት ሻጭ ላፕቶፑን ከፍቶ ቀለም በቀለም የሆነ ገጽ አሳይቶታል፤ የወሩ ገቢ በግራፍ፣ የታካሚው ፎቶ፣ የቀጠሮ መልእክት በስልክ። ሁሉም ነገር በኢንተርኔት ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ክፍያው በየወሩ በዶላር ተሰልቶ በብር ነው። ዋጋው ያን ጊዜ የሚያስደነግጥ አልነበረም። ፈረመ።

ሻጩ መንገዱን ተሻግሮ እትዬ ወደሚሠሩበት ክሊኒክም መጣ። ሐኪሙ ሊያነጋግረው የፈለገው እትዬ ባሉበት ነው።

በወላይታ ለመስቀል የሚታረደውን በሬ ሰው ዓመቱን ሙሉ በማኅበር ቆጥቦ ነው የሚገዛው። እንዲህ በጋራ ገንዘብ የሚገዛ ሰው ዋጋ የሚጠይቀው መጨረሻ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን ይጨብጣል፣ የት እንደዋለና ምን እንደበላ ያጣራል። እትዬም ሶፍትዌሩን በዚሁ ዓይን አዩት።

«መብራት ሲጠፋስ?» አሉ።

ሻጩ ሳቅ ብሎ ጊቤ ሦስት አጠገባችሁ አይደል እንዴ አለ። እውነቱን ነው። 1870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ ኦሞ ወንዝ ላይ፣ በወላይታና በዳውሮ መካከል ነው ያለው። ለኬንያ የሚሸጠው ኃይልም ከዚሁ ከሶዶ ማሠራጫ ተነሥቶ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። እትዬ ግን መስመሩ በላያቸው ሲያልፍ አይተው በሻማ እራት የበሉ ሴት ናቸው። ጥያቄያቸውን አልለወጡም። መብራት ከሌለ፣ ኢንተርኔትም ከተቋረጠ፣ ካርዱ አይከፈትም ማለት ነው። ጳጉሜን ያውቃል ወይ? አያውቅም፤ በፈረንጅ ቀን ነው የሚሠራው። ሁለት ዓይነት የተጻፈ ስም ያገናኛል? እሱ ይታያል።

«ደግ፤ ስንለያይስ?»

«እንዴት እንለያያለን እትዬ?» አለ ሻጩ።

«እርስዎ ድርጅቱን ሊዘጉ ይችላሉ፤ እኛም ገንዘብ ሊያጥረን ይችላል። ያን ጊዜ የበሽተኞቻችንን ካርድ በምን ይዘን እንወጣለን?»

ሻጩ ስለ ቅናሽ መናገር ጀመረ። ሐኪሙ አመስግኖ ሸኘው።

ቀጥሎ የመጣው ከወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር የተመረቀ የሰፈር ልጅ ነው። «ዶክተር፣ እኔ ራሴ እጽፍልዎታለሁ» አለ፤ የጠየቀውም ገንዘብ ጥቂት ነበር። ሐኪሙ ልቡ ወደደው። እትዬ ግን «ልጄ፣ ሥራ አመልክተሃል?» አሉ።

«አዎ እትዬ። አዲስ አበባ፣ ሁለት ቦታ።»

«እግዜር ይርዳህ። ስትሄድ ታዲያ ያንተን ጽሑፍ ማን ያነበዋል?»

ልጁ አልተቀየመም፤ ነገሩን ይዞት ሄደ። ሲመለስ ኦፕን ኤምአርኤስ የሚባል የታካሚ መዝገብ ሶፍትዌር ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ፣ ቀድመው ከተጠቀሙበት ቦታዎች አንዱ የኬንያዋ ኤልዶሬት የሆነ፣ የፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅበት ሥርዓት ነው። ውስጡ ለማንም ክፍት ስለሆነ አንዱ ባለሙያ ቢሄድ ሌላው ከቆመበት ይቀጥለዋል። (ከሶዶ መብራት ወደ ኬንያ ሲሄድ በኬንያ የተሞከረ ሶፍትዌር ወደ ሶዶ መምጣቱ ፍትሐዊ ንግድ ይመስለኛል።) በዚሁ ላይ የተሠራ፣ በሕንድ ጋኒያሪ የገጠር ሆስፒታል የተጀመረ ባህምኒ የሚባልም አለ፤ ላብራቶሪውንና ሂሳቡን አንድ ላይ ያያይዛል። ልጁ ሁሉንም በአንዴ ሊያስጀምር ቋመጠ። በሦስት ክፍል ክሊኒክ ይህ ሸክም ነው። ብዙ ክሊኒክ ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሐኪሙ በሽተኛውን ትቶ ስክሪን ሲሞላ ይውላል፣ በሁለተኛው ወር ሁሉም ወደ ወረቀቱ ይመለሳል፣ ኮምፒውተሩ አቧራ ይጠጣል። እትዬ የሚፈልጉት ምዝገባ፣ የማይስማማ መድኃኒት፣ የላብራቶሪ ውጤትና ቀጠሮ ብቻ ነበር። የሐኪሙ ማስታወሻ ለጊዜው ወረቀት ላይ ይቆይ ተባለ።

ነጻ ነው ቢባልም ወጪ ነበረው። ለሰርቨር የሚሆን ያገለገለ ኮምፒውተር ተገዛ፤ ዩፒኤስ፣ ባትሪ፣ ሁለት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ የልጁ ድካም ሲደመር ሐኪሙ «ነጻ ተብሎ!» እያለ ፈረመ። ሰርቨሩ እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ ስለሆነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የልደት ቀን በግምት ብሎ መመዝገብ ይቻላል፤ የጊፋታው ልጅ ችግር በዚህ ተቃለለ። የኛን ዘመን አቆጣጠር ለማስገባት ልጁ ብዙ ሌሊት አደረ። ስሙ ደግሞ በአማርኛም በላቲንም ገባ፤ በአንዱ ቢፈለግ ሌላው ይገኛል።

ከዚያ አንድ ገጽ ውል ተጻፈ። ዘወትር ዓርብ ባክአፕ ይወሰዳል፤ አንዱ ዲስክ ሐኪሙ ቤት ያድራል። የዋናው የይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የይለፍ ቃል ይኖረዋል። ይህን የመጨረሻውን ያጸኑት እትዬ ናቸው፤ ሶዶ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናትና የኤችአይቪ ውጤት ተረኛ ዘበኛው ሊያየው አይገባም። በኋላ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሲወጣም የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው መድቦታል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የጎረቤትየው ወርኃዊ ክፍያም አብሮ ወጣ። ሻጩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም ሰርቨሩን የሚከራየው በዶላር ነው። ጎረቤትየው አንድ ወር ከፈለ፣ አንድ ወር አዘገየ፣ ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት ገጹ «ውዝፍ ክፍያዎን ይፈጽሙ» ብሎ ተቆለፈ። በረንዳው ሙሉ ነው። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ በመስኮቱ ብቅ ብላ የምትለውን የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ «ሲስተም የለም።»

የሰፈሩ ልጅም በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ሥራ አገኘ። ፖስታውን አስረክቦ፣ ለተተኪው ሁለት ቀን አሳይቶ፣ እትዬ የቋጠሩለትን ስንቅ ይዞ ተሳፈረ።

ጎረቤትየው ማታ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። «ለመሆኑ ያንተን በስንት ገዛኸው?» አለ አብሮ አደጉን።

እትዬ ቀድመው «ውልዎን አምጡት» አሉ። አመጣ። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ስለ ክፍያ አለ፤ ስለ እድሳት አለ፤ ስለ ቅጣት ሁለት አንቀጽ አለ። ሲለያዩ መረጃው ለማን፣ በምን መልክ እንደሚሰጥ የሚል መስመር የለም።

«ታዲያ ምን ልሁን እትዬ?»

«ደብዳቤ እንጻፍ።»

የአንዱን ወር ውዝፍ ከፍለው፣ የታካሚዎቹ መዝገብ ማንኛውም ኮምፒውተር በሚከፍተው ሠንጠረዥ ይሰጠን ብለው ጻፉ። ሻጩ ከብዙ ስልክ በኋላ ላከ፤ ግን ስምና ስልክ ብቻ ነው በሠንጠረዥ የመጣው። ምርመራውና መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ታካሚ ለየብቻ፣ እንደ ታተመ ወረቀት ሆኖ ነው የመጣው። አንድ በአንድ እያነበቡ መተየብ ግድ ሆነ።

የሁለቱ ክሊኒክ ሠራተኞች ከሥራ በኋላ እየተሰበሰቡ ጀመሩት። ከየት እንጀምር ሲባል እትዬ የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎችን አስቀደሙ፤ በዚያ ወር ቀጠሮ ያላቸው እነሱ ናቸው። እራቱን ጎረቤትየው ችሏል፤ ጥሬ ሥጋና ዳጣ። እትዬ ግን እጁን ያልታጠበ ሰው ኪቦርዱ አጠገብ ድርሽ እንዳይል ከለከሉ።