ለሐኪም የተነገረ ሕመም

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲሉ ተርተዋል። ለማን ይነገር የሚለውን ግን ለእኛ አስተዋይነት ትተውታል። ሐኪም ቤቶች በፌስቡክና በቴሌግራም ከሕዝብ ጋራ በሚነጋገሩበት በዛሬው ዘመን፣ ይህ ጥያቄ ልናስብበት የሚገባ ሆኗል።

መሣሪያው ራሱ ክፉ አይደለም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ቫይረስ የተያዘ የመጀመሪያው ሰው በአገራችን መገኘቱ ከተገለጠ በኋላ፣ ጤና ሚኒስቴር የታማሚውን ብዛት በፌስቡክ በየዕለቱ ያስታውቅ ነበር፤ በ8335 ነጻ ስልክም የሕዝቡ ጥያቄ ይሰማ ነበር። ስልክ ያለው የጉና ሰው ወሬውን ከአዲስ አበባው እኩል ለመስማት ቻለ። ይሁን እንጂ የሚነገረው ቍጥር እንጂ የታማሚው ስም አልነበረም።

አሁን ግን አንዳንድ ሐኪም ቤቶች ትልቅ ዕጢ ባወጡ ጊዜ የሕመምተኛውን ፎቶግራፍ ከነፊቱ ያወጣሉ። «ፈቅዶ ነው» ይላሉ። ሕይወቱ በሐኪሙ እጅ ሳለ አልጋ ላይ የተኛ ሰው «እምቢ» ለማለት ምን አቅም አለው? እምቢ ለማለት የማይችል ሰው እሺ ቢል ፈቀደ አይባልም። ከፋርታ ገጠር የመጣች ልጃገረድ ቍስሏ ይድናል፤ ፎቶግራፏ ግን በሰው ስልክ ውስጥ ይቀራል፤ ለጋብቻ በተጠየቀችም ጊዜ ይመዘዛል።

እርግጥ ነው፤ የዳነውን አይቶ ተስፋ የቈረጠ ሌላ ሕመምተኛ ወደ ሕክምና ይመጣ ይሆናል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ትምህርቱ ፊት ሳይታይ ሊሰጥ ይችላል፤ ወይም ሰውዬው ድኖ፣ በቤቱ ሆኖ፣ ከዘመድ ጋራ መክሮ ሲፈቅድ ሊወጣ ይችላል። ደግሞም በፎቶግራፉ ተበረታቶ የሚመጣ እንዳለ ሁሉ፣ ፎቶግራፉን ፈርቶ የሚቀር አለ። ያን ጊዜ በሽታን የሚያስደብቀው ራሱ ሐኪም ቤቱ ይሆናል።

የግሪኩ የሂፖክራቲስ መሐላ ሐኪም ያየውንና የሰማውን ምስጢር እንዳያወጣ ያስገድደዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321ም የሰውን የጤና ነገር ልዩ ጥንቃቄ ከሚያሻቸው ጋራ ቈጥሮታል። እኔም በመምህርነቴ ዘመን ተማሪ በጆሮዬ የነገረኝን በክፍል ፊት አልናገርም ነበር፤ ብናገር ኖሮ ሁለተኛ የሚነግረኝ ባልተገኘም ነበር።

እንግዲህ ነገ ነርስ ወይም ሐኪም የምትሆኑ ልጆቼ፤ ስለ በሽታው ለዓለም ሁሉ ንገሩ፤ የበሽተኛውን ግን ለራሱ ተዉለት።