ስለ ሥዕልና ስለ ግልባጩ

በጣና ዳር፣ በዘጌ፣ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን መቅደስ ግድግዳ የሸፈኑት ሥዕሎች ዛሬም በቦታቸው አሉ፤ ካህኑ በፊታቸው ያጥናል፤ ምእመኑም ይሳለማቸዋል። ከሐይቁ በስተ ሰሜን፣ በጎንደር፣ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ግን ሌላ ዕጣ ደረሳቸው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1932 ዓ.ም. ከዳካር ተነሥቶ ወደ ጂቡቲ ይጓዝ የነበረው፣ ማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የምርምር ጓድ ከካህናቱ ጋር ተዋውሎ በ17ኛው መቶ ዓመት የተሣሉትን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ ወሰደ፤ በምትካቸውም ሠዓሊው ጋስቶን ሉዊ ሩ የሠራው ግልባጭ ተተካ። ጥንተኞቹ ሥዕሎች ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ይገኛሉ።

አባ እንጦንስ በተወለደበት በግብጽ አገር ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ሆኗል። ኒና ዴቪስ የምትባል እንግሊዛዊት ሠዓሊ ከባሏ ከኖርማን ጋር በቴብስ መቃብሮች ብዙ ዓመት ደክማ የግድግዳውን ሥዕል በቀለም ገለበጠች። ከግልባጮቿ ብዙዎቹ በኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር ተቀመጡ፤ ሥዕሉ ግን በመቃብሩ ቀረ። በግብጽ ግልባጩ ተጓዘ፤ በጎንደር ግልባጩ ቀረ።

እንግዲህ በዚህ የተበደለ አለን? አንዱ «የለም» ይላል። ለሥዕል የሚሰጠው ክብር ለተሣለው ቅዱስ ነውና፣ በአዲሱም ፊት የሚጸልይ ጸሎቱ አይጐድልበትም። ይህ እውነት ነው፤ የአገሩ ሠዓሊዎችም ከጥንት ጀምሮ አዲሱን ከአሮጌው እያዩ ሲሥሉ ኖረዋል።

ነገር ግን ግልባጩ ከጥንተኛው እኩል ከሆነ፣ ወሳጁ ስለ ምን ግልባጩን ይዞ አልሄደም? እኩል ካልሆነስ ልውውጡን ስለ ምን ትክክል ይለዋል? ለጸሎት የሚበቃ ሁሉ ለመታሰቢያ አይበቃም። የቀደመው ሠዓሊ እጅ፣ የብዙ ዘመን የዕጣን ጢስ፣ የአባቶች መሳለም በግልባጭ አይተላለፍም። ከሁለት ተዋዋዮች የዕቃውን ዋጋ የሚያውቀው አንዱ ብቻ ሲሆን፣ ውል ቢኖርም ፍርድ አልተስተካከለም።

«በቦታው ቢቀር ዝናብና ቸልታ ባጠፋው ነበር» የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም፤ ጣሪያው እያፈሰሰ ዝም ያለ ባለ አደራም ከወቀሳ አያመልጥም። ሆኖም ሕፃንን ከውሃ ያወጣ ሰው ምስጋና ይገባዋል እንጂ አባት አይሆንም።

ስለዚህ የጣና ገዳማት ሥዕሎች ሳይጐዱ ዛሬውኑ ቢገለበጡ መልካም ነው፤ ሊያይ የሚወድ የሩቅ አገር ሰውም ግልባጩን ይውሰድ። ግልባጭ የሚመሰገነው ለጥንተኛው ዘብ ሲቆም ነው፤ ቦታውን ሲወርስ ግን ሠዓሊው ሳያስበው የመጋረጃ ሥራ ይሠራል፤ የጐደለውን ይሸፍናልና።