ልደታ የምትወርድ ጎረቤት

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለውን ተረት የለመድኩት ከእናቴ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በርበሬ እንድበደር ወደ ጎረቤት ስትልከኝ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከተረቱ ጋር ጠብ አልነበረኝም።

አክስቴ ሠላሳ ዓመት የኖረችው ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር፣ ጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ልደታ ሲፈርስና ሲታነጽ የእሷም ቤት ሄደ። አያት አካባቢ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገባች። ቤተ ክርስቲያኗ ግን ጌጃ ቀረች። እሑድ እሑድ ከአያት ባቡር ትሳፈራለች፣ ልደታ ትወርዳለች። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሳይጀምር በፊት ታክሲ እየቀያየረች ነበር የምትመጣው። «አጠገብሽ ቤተ ክርስቲያን ሞልቶ ምን ያንከራትትሻል?» ስላት «እዚያ ማን ያውቀኛል?» ትለኛለች።

አንድ ቀን አጅቤያት ሄጄ ገባኝ። ጌጃ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ፕሮግራም አልቆ ሰው ሲወጣ በሩ ላይ ትንሽ መቆም ነው። አንዱ ከጀሞ፣ አንዷ ከገላን፣ ሌላው ከኮዬ ፈጬ። «የእናንተ ግድግዳ የእኛ ግድግዳ ነበር እኮ!» እየተባባሉ ይሳሳማሉ። ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ ሰፈሩ የሚገኘው እዚያ በር ላይ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት ያህል።

እንግዲህ ተረቱ እነዚህን ሰዎች በየትኛው ወገን ይመድባቸው? በሥጋ አይዛመዱም፣ ግን «ወንድሜ፣ እህቴ» ይባባላሉ። ጎረቤት ነበሩ፣ አሁን ግን ሩቅ ናቸው። «የአበው ተረት ነው፣ እኛን አይመለከትም» እንዳይሉ ደግሞ መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 27 ያንኑ ሐሳብ ይዟል፤ ያውም «ወንድም» ብሎ።

የቤተ እምነታቸው ታሪክ ግን ተረቱን ሲያስቸግር የኖረ ነው። በ1920 ዓ.ም. እነዶክተር ላምቢ ያሉበት የኤስ አይ ኤም ሚሲዮን ቡድን ኢትዮጵያ ገብቶ ወደ ደቡብ ወረደ። በጣሊያን ወረራ ሚሲዮናውያኑ ወላይታን ለቀው ሲወጡ ከኋላቸው የቀረው የተጠመቀ ሰው መቶ አይሞላም ነበር። ጣሊያን ወጥቶ ሲመለሱ ጠበቃቸው በሺዎች የሚቆጠር ምእመን። ከዚያ ዘመን ከሚነገረው ሁሉ እኔን የሚይዘኝ የስንቁ ነገር ነው፦ ለታሰሩት አማኞች ከየመንደሩ ምግብ ተሸክሞ የሚመጣው ሰው በዘር የማይገናኛቸው ነበር ይባላል። የሰውን ልብ ካማለለው አንዱ ይኸው ነው። ሩቁ በእግሩ ሲመጣ ቅርብ ሆነ።

በደርግ ዘመን ደግሞ ተረቱ ሌላ ፈተና ገጠመው። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፤ የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ፤ አማኞች በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይሰበሰቡ ጀመር። ያኔ የቅርብ ጎረቤት ማለት ግድግዳ የሚጋራ ጆሮ ነው። ቀበሌ ሄዶ ሊናገር ይችላል። ሰምቶ እንዳልሰማ ሊሆንም ይችላል። ተረቱ ስለዚህ ጆሮ ዝም ይላል።

እዚህ ድረስ ከአክስቴ ጋር ሆኜ ተረቱን ስረታ ነበር። ከዚያ ያለፈው ጥቅምት መጣ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ደም ግፊቷ ተነሣ። ባቡር የለም፤ ከጌጃ በዚያ ሰዓት ማን ይደርሳል? እኔም ስልኬን ዘግቼ ተኝቻለሁ። (የሥጋ ዘመድ ነኝ እንግዲህ።) በሯን ያንኳኳችው ከሥር ያለችው ሙስሊም ጎረቤቷ ናት፤ ወንበር ሲወድቅ ሰምታ። ልጇን ቀስቅሳ በባጃጁ ሐኪም ቤት አደረሰቻት፣ እስኪነጋም አብራት ተቀመጠች። እዚህም ግድግዳ ባይሆን ወለል የሚጋራ ጆሮ ነበር።

ተረቱ ሳቀብኝ። ቢሆንም እጄን አልሰጠሁም። የጌጃ ሰዎች በማግስቱ ምሳ ሳይደርስ መጥተው ነበር፤ ሾርባ በፔርሙዝ፣ ብርቱካን በፌስታል። ከዚያም በኋላ ለሦስት ሳምንት ተራ ገብተው ጠየቋት። አንድ ሌሊት የጎረቤት፣ ሦስት ሳምንት የሩቆቹ። ተረቱ «ይሻላል» ብሎ ሚዛን ላይ ባያወጣቸው ምን ነበረበት? እኔን ይበልጥ የከነከነኝ ግን ሌላ ነው፤ አክስቴ እሑድን ሙሉ ልደታ ስታሳልፍ፣ የሥሯ ጎረቤት ያንን ሁሉ ዓመት በደረጃ ላይ ሰላምታ ብቻ ሆና ኖራለች። «እዚያ ማን ያውቀኛል?» የሚለው ጥያቄ ሁለት አፍ አለው።

ባለፈው ቅዳሜ ከጌጃ አምስት ሰዎች ሊጠይቋት መጥተው ነበር። ጎረቤቲቱም ቡና አፍልታ ጀበናዋን ይዛ ወጣች። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ወንበራቸውን ለቀቁላትና «እስኪ አስተዋውቂን» አሏት አክስቴን። አክስቴ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው፤ ወደ ጎረቤቷ ዞር ብላ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፦

«ይቅርታ የኔ እናት፣ ማን ልበላቸው?»