የእስትንፋስ ደጃፍ
አማርኛ ነፋስን፣ ነፍስንና እስትንፋስን ከአንድ ሥር ያወጣል። ዐረብኛም ነፍስንና ትንፋሽን አዛምዶ ይጠራል፤ በኦሮምኛ ደግሞ «ሃፉራ» ትንፋሽም መንፈስም ነው። በባሌ ከተሞች በሮቤና በጎባ አማርኛና ኦሮምኛ በገበያና በቤት፣ ዐረብኛ በሶላት ይሰማሉ፤ ሦስቱም ሰው የሚስበው አየርና ሰው የሆነበት ነገር ባዕዳን አለመሆናቸውን ይመሰክራሉ። ይህን ከልብ ለሚያምን አንድ ጥያቄ ይከተለዋል፦ እስትንፋስ አደራ ከሆነ፣ የሚገባበትን በር መጠበቅስ የአደራው አካል ነው ወይስ የጥርስ ሐኪም ጉዳይ ብቻ? አደራው በሩንም ይጨምራል ብዬ አምናለሁ፤ በተለይ ማለዳ ብርድ ሰንጥቆ ለሚሮጥ የደጋ ወጣት።

ጎባ ከባሕር ወለል 2700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ በባሌ ተራሮች ያለው የሳነቴ አምባ 4000 ሜትር ይደርሳል። በጎባ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው በሩብ ያህል ያንሳል። ሰው ይህን ከፍታ የለመደው ዛሬ አይደለም፤ በፊንጫ ሀበራ የዓለት መጠለያ የተገኘው ቅሪት ከ40 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች በባሌ ተራሮች ከ3400 ሜትር በላይ እሳት አንድደው ይኖሩ እንደነበር አሳይቷል። «ደጋ ተወልደናል፣ ሳንባችን ይበቃናል» የሚለው ኩራት ግን ከዚህ አይወለድም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የባሌ ደጋ ኦሮሞዎች ሄሞግሎቢን (በደም ኦክስጅን የሚሸከመው) ከሰሜኑ ደጋ አማሮች ከፍ ብሎ መገኘቱን ገልጿል፤ ሰውነት ለቀጭኑ አየር መልስ የሚሰጥበት መንገድ ከቦታ ቦታ ይለያያል ማለት ነው። ስጦታው ያለቀለት ሀብት አይደለም፤ ዕለት ዕለት የሚሠራበት ነው።

ከዚህ ሥራ አንዱ በሩን መጠበቅ ነው። በዝግታ ስንተነፍስ አፍንጫ አየሩን ያሞቃል፣ ያረጥባል፣ ያጣራል። ሩጫው ሲበረታ ግን አፍ ይከፈታል፤ ይህ ጥፋት አይደለም፣ ግድ ነው። ደረቁና ቀዝቃዛው አየር ምራቅን ያደርቃል። ምራቅ ደግሞ አሲድን የሚያለዝብ፣ ለጥርስ ማዕድን የሚመልስ ጠባቂ ነው። በዚያ ላይ ስኳር የበዛበት መጠጥ ሲጨመር ጥርስ ያለ ጋሻ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2012ቱ የለንደን ኦሊምፒክ 302 ስፖርተኞች ተመርምረው ከመቶ 55ቱ የተቦረቦረ ጥርስ፣ 76ቱ የድድ ብግነት ተገኝቶባቸዋል፤ ከመቶ 18ቱ ልምምዳቸው ወይም ውጤታቸው እንደተጎዳ ተናግረዋል። የተመረመሩት ወደ ጥርስ ክሊኒኩ የመጡት ስለነበሩ ቁጥሩን ለስፖርተኛ ሁሉ ማድረግ አይገባም። ያም ሆኖ ዓለምን የሚያስደንቅ ደረት ከታመመ አፍ ጋር ሊኖር እንደሚችል አስረድቷል።

ሃይማኖተኛ አንባቢ በወንጌል ሰውን የሚያረክሰው ወደ አፍ የሚገባው ሳይሆን ከአፍ የሚወጣው መሆኑ ተነግሯል ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው። ትምህርቱ የተነገረው ግን እጅ መታጠብን የጽድቅ ሚዛን አድርገው በሌላው ላይ ለሚፈርዱ ነው፤ ገላን ችላ በሉ አላለም። እኔም ጥርሱ የተበላሸ ወጣት ርኩስ ነው አላልሁም፤ ብዙ ጊዜ ድህነት ያመጣበት ነው። በባሌ ብዙኃኑ የሚኖሩበት እስልምና ይህን በግልጽ ይዞታል፦ ውዱእ፣ የሶላት ትጥበት፣ አፍንም አፍንጫንም በውኃ ያጥባል፤ ሲዋክም፣ ጥርስን በመፋቂያ ማጽዳት፣ የተወደደ ሥራ ነው። ሁለቱም የትንፋሽ በሮች ከጸሎት በፊት መታሰባቸውን እንደ ትልቅ ጥበብ አያለሁ።

«ስፖርተኛ ጥርሱን ነክሶ ይታገሣል» የሚል ሌላ ተቃውሞም አለ። ነገር ግን አቀበት ላይ የሚመጣውን ድካም ሯጩ ለዓላማ መርጦታል፤ በድዱ ውስጥ የሚቋጥረውን መግል ማንም አልመረጠም፣ ዝም ብሎ መታገሡም ማንንም አያጠነክርም። ሐኪም ሩቅ፣ ገንዘብም ጥቂት ነው ለሚሉት ደግሞ የወይራ መፋቂያ በእጅ አለ፤ ከሩጫ በኋላ አፍን የሚያረጥበው ውኃም ስኳር አይፈልግም። የጎደለው ጥያቄ ነው። አሰልጣኙ ሰዓትና የልብ ምት ይጠይቃል፤ «ድድህ ይደማል ወይ?» የሚለውንም አብሮ መጠየቅ ይችላል።