የደረቀው ዋንዛ ምን ይገባዋል?

ሰው ለሞተ ሰው ምን እንደሚገባው ያውቃል። ያጥበዋል፥ ይገንዘዋል፥ ያለቅስለታል፥ ይቀብረዋል፤ በአርባኛውና በሰማንያኛው ቀን፥ በሙት ዓመቱም ያስበዋል። ለሞተ ዛፍ ግን ያለን ሥርዓት ምሳር ብቻ ነው። አባቶቻችን «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ሲሉ የሚያዝኑት ኃይሉን ላጣ ሰው እንጂ ለዛፉ አይደለም። እኛም ይህን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማን አድገን ስለ ዛፉ አንድ ቀን እንኳ ሳናስብ ኖረናል፤ ያሰብነው በጓሮአችን የነበረው ዋንዛ ቆሞ በደረቀ ጊዜ ነው።

ይህን ዋንዛ የተከሉት አባታችን ናቸው። ቤታችን በፍኖተ ሰላም ከተማ፥ ወደ ቡሬ በሚያወጣው መንገድ በኩል ነው። ታላቅ ወንድማችን በተወለደ ዓመት አባታችን ችግኙን ከዘመድ ማሳ ነቅለው፥ ሥሩን ከነአፈሩ በሁለት መዳፋቸው አቅፈው፥ የግማሽ ቀን መንገድ በእግራቸው እንዳመጡት እናታችን ብዙ ጊዜ ነግረውናል። የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ዋንዛን ያከብራል፤ በማሳው መካከል ቢያገኘው ዙሪያውን አርሶ ያልፈዋል እንጂ አይነቅለውም። ነጭ አበባውን ንብ ይቀስመዋል፤ የሚያጣብቀውን ቢጫ ፍሬውን እረኛ ይመጠዋል፤ በጥላው ሥር ከብት ያመሰኳል። በተቆረጠም ጊዜ በርና ወንበር፥ ሙቀጫና ከበሮ ይሆናል። በሕይወቱም በሞቱም የሚያገለግል ዛፍ ነው።

አባታችን ካረፉ በኋላ እኛ ልጆቻቸው ግቢውን ማሳመር ጀመርን። ለግንቡ አጥር መሠረት ስንቆፍር የዋንዛውን ወፋፍራም ሥሮች በአንድ ወገን ቆረጥን፤ የቀረውንም መሬት በክረምት ጭቃ እንዳይሆንብን በሲሚንቶ አለበስነው። የዛፍ ሥር ውሃ ብቻ ሳይሆን አየርም እንደሚያስፈልገው በትምህርት ቤት ተምረን ነበር፤ ዳሩ ግን የተማርነው ለፈተናው እንጂ ለጓሮአችን አልነበረም። ዛፉ ወዲያው አልሞተም። በመጀመሪያው ዓመት ጫፉ ደረቀ፤ በሁለተኛው አበባው ሳሳ፤ በሦስተኛው ቅጠሉን አራግፎ ሌላ ሳያወጣ ቀረ። ምን እንደ ነካው ጎረቤት በጠየቀን ጊዜ «በሽታ ገባበት» እያልን እንመልስ ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርገው? በአንድ እሑድ በዚህ ጉዳይ ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ ተመካከረ። ታላቅ ወንድማችን ከቡሬ የመጣ የጣውላ ነጋዴ ግንዱን ለክቶ ደኅና ዋጋ መስጠቱን ነገረን። እናታችን ግን የአባታችን የሰባት ዓመት ተዝካር መቃረቡን አስታውሰው፥ «እሳቸው የተከሉት እንጨት ለእሳቸው ድግስ ይንደድ፤ ከዚህ የበለጠ ምን ክብር አለ?» አሉ። የእንጨት ሥራ የተማረው ታናሽ ወንድማችን እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፥ «አትቁረጡት፤ በቆመበት ልቅረጸው» አለ። ሁላችንም ዘወር ብለን አየነው።

አንባቢ ሆይ፥ ከሦስቱ ማናቸውም በስንፍና የተናገሩ አይደሉም። ታላቅ ወንድማችንን ስስታም ማለት አይገባም፤ በአገራችን ዛፍ ገንዘብ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ዛሬ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር ለብዙ ገበሬ እንደ ተቀማጭ ሀብት ይቆጠራል። በአጎራባቹ በአዊ፥ በፋግታ ለኮማ ወረዳም ገበሬው ደከረንስ የሚባለውን ግራር ተክሎ ጥቂት ዓመት ካቆየ በኋላ ከሰል አክስሎ ይሸጥበታል፤ በዚያም ልጁን ያስተምራል። የእናታችንም ነገር የጸና ነው፤ ሙታንን ለማሰብ ሕያዋንን ማብላት የቆየ ወጋችን ነውና። በማገዶ እጦት ሴቶች ረጅም መንገድ በሚሄዱበት አገር ሙሉ ግንድ ለጌጥ አቁሞ መመልከት የጠገበ ሰው ጨዋታ አይመስልምን?

ሌላም ፍርሃት ነበር። እናታችን «በደጄ ጣዖት ልታቆሙብኝ ነው?» ብለው ተቆጡ። ቤተ ክርስቲያናችን በሥዕል የበለጸገች ብትሆንም የቆመ ሐውልተ ሰው በመቅደሷ አታኖርምና ቍጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። የንስሐ አባታችን ተጠይቀው ሲመልሱ፥ «ጣዖትን የሚሠራው መሮ አይደለም፥ ጉልበት ነው፤ ያልሰገዳችሁለት እንጨት እንጨት ነው» አሉ። ቀጥለውም፥ «ነገር ግን ሰው በእጁ ሥራ ፊት ሲቆም ለራሱ መስገድ ይወዳልና ተጠንቀቁ» አሉን። ይህ የኋለኛው ቃል ከልባችን አልወጣም።

አንድን ነገር በቆመበት መቅረጽ ለአገራችን እንግዳ ሥራ አይደለም። በላሊበላ የቤተ ጊዮርጊስን ጠራቢዎች ብናስብ ድንጋይ ከሌላ ስፍራ አምጥተው አልካቡም፤ አለቱን በተፈጠረበት ቦታ ከላይ ወደ ታች ጠርበው ቤተ ክርስቲያኑን ከውስጡ አወጡት እንጂ። ስለዚህ ሕንፃውን ከምድሩ ለይቶ መውሰድ አይቻልም። የኮንሶ ሕዝብ ደግሞ ጀግና ሲሞት መልኩን ከጠንካራ እንጨት ቀርጾ በመቃብሩ ያቆማል፤ ይህም ዋካ ይባላል። የኮንሶ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ዋካዎች ብዙዎቹ ከመቃብራቸው እየተነቀሉ ተሰርቀዋል፥ ተሸጠዋልም። ሥር የሌለው ነገር ገንዘብ ያለው ሁሉ ሊወስደው ይችላል። ታናሽ ወንድማችን «በቆመበት» ያለው ቃል ምን ያህል ክብደት እንዳለው የተረዳነው ይህን ስናስብ ነው። የተቆረጠ እንጨት ባለቤቱ ወደ ወደደው ይሄዳል፤ በሥሩ ላይ የቆመው ግን የስፍራው ነው፥ የጎረቤቱና የመንገደኛውም ነው።

ወደ ሌላው ዓለም ብንመለከትም ምሳሌ አናጣም። በአውስትራልያ፥ በታስማኒያ ደሴት፥ ለጀርዉድ በምትባል ትንሽ መንደር እ.ኤ.አ. በ1918 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለወደቁ ወታደሮች መታሰቢያ ዛፎች ተተከሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዛፎቹ ለአላፊ አግዳሚው አደገኛ ሆነው ስለ ተገኙ መቆረጣቸው ግድ ሆነ። የመንደሩ ሕዝብ ግን ልጆቹን ሁለተኛ የሚቀብር ያህል ሆኖ ስለ ተሰማው ግንዶቹ በሥራቸው ላይ እንደ ቆሙ እንዲቀሩ አደረገ፤ ኤዲ ፍሪማን የተባለውም ቀራጺ በሞተር መጋዝ የወታደሮቹን መልክ ቀረጸባቸው።

ይህን ታሪክ ስናነብ መጀመሪያ ደስ አለን፤ ኋላም አፈርን። የለጀርዉድ ሰዎች ዛፎቻቸውን አልገደሉም። የእኛን ዋንዛ ግን የገደልነው እኛው ነን። ዛፉ በተዋበ ቅርጽ ቢቆም እንግዳው ሁሉ «ጥበብ ወዳዶች ናችሁ» ብሎ ያመሰግነናል፤ ስለ ሲሚንቶው የሚጠይቀን አይኖርም። የንስሐ አባታችን የፈሩልን ስግደት ይህ አይደለምን? ሰው በሕይወት ሳለ የነፈጉትን ሰው በሞተ ጊዜ በትልቅ ድንኳን እንደሚያለቅሱለት ሁሉ፥ እኛም የዛፉን ሥር ቆርጠን ግንዱን ልናስጌጥ ነበር። ጥፋትን አስጊጦ ማቆም ከጥፋቱ ይልቅ የሚከፋበት ጊዜ አለ፤ ጥፋቱ ሊታረም ይችላል፥ የተመሰገነ ጥፋት ግን ከቶ አይታረምም።

ታዲያ ቅርጹ ይቅር ማለታችን ነውን? አይደለም። በዚያ እሑድ ያልተናገርነውን በሚቀጥለው እሑድ በእናታችን ፊት ተናገርን፤ «በሽታ አልገባበትም፥ ሥሩን የቆረጥነው እኛ ነን» አልን። እናታችን ጥቂት ዝም ብለው፥ «እኔ የማላውቅ መስሏችሁ ኖሯል?» አሉ። ከዚያ በኋላ መስማማት አልቸገረንም። ቅርንጫፎቹ በሙሉ ለተዝካሩ ማገዶ እንዲሆኑ፥ ግንዱ በሁለት ሰው ቁመት ያህል ቀርቶ እንዲቀረጽ ተወሰነ። ታላቅ ወንድማችን ነጋዴውን ይቅርታ ጠይቆ አሰናበተው፤ ለዚያ ገንዘብ የታሰበው የጣራ እድሳት ለሌላ ዓመት ተላለፈ። ነገሩ ያለ ዋጋ አልተፈጸመም ማለት ነው።

የአባታችን መልክ ይቀረጽ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። እናታችን ግን «ፊታቸውን ዝናብ ሲመታው ማየት አልችልም» ስላሉ ቀረ። ታናሽ ወንድማችን የመረጠው አፈር ያቀፉ ሁለት መዳፎችን ነው፤ ፊት የለም፥ ስምም አይጻፍም። በግንዱ ዙሪያ ያለውን ሲሚንቶ ሦስት እርምጃ ያህል አፈራርሰን አነሳን፤ የተቆረጡት ሥሮችም አፈር ሳይለብሱ እንዲታዩ ተውናቸው። የሚያይ ሰው «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱን መናገር ግዴታችን እንዲሆን ብለን ነው። ከግንዱም ራቅ ብሎ፥ ሥሩ የሚሄድበት ሰፊ መሬት ባለበት፥ አዲስ የዋንዛ ችግኝ ተከልን።

ሥራው ገና አላለቀም። ታናሽ ወንድማችን ቅርፊቱን በሙሉ ልጦ፥ ነቀዝ እንዳይሸሸግበት ካጸዳ በኋላ፥ ከላይ ወደ ታች እየወረደ በመሮና በመዶሻ ይቀርጻል። እንጨቱ እየደረቀ ሲሄድ እንደሚሰነጠቅ፥ ምስጥም ከሁሉ አስቀድሞ አፈር ከሚነካው ወገን እንደሚጀምር ነግሮናል። እንደ አጥር እንጨት ሁሉ ግርጌውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀቡታል፤ ግንዱ ወደ ቤት እንዳያዘነብልም በየክረምቱ ማግስት ይመረመራል። የሆነ ሆኖ አንድ ቀን መውደቁ አይቀርም። ይህም አላሳዘነንም፤ ችግኙ እስኪያድግ ቢጠብቀን ይበቃናል።

መንገድ የምናሰፋ፥ ጽሕፈት ቤትና ትምህርት ቤት የምናሠራ፥ በየግቢያችንም መሠረት የምንቆፍር ሰዎች ብዙዎች ነን። ቆፋሪው ከወፍራም ሥር ደርሶ «ይህን ልቁረጠው?» ብሎ ቀና ባለ ጊዜ የምንሰጠው መልስ አንዲት ቃል ናት። እኛ በዚያ ቀን «ቁረጠው» ብለናል። ለደረቀው ዋንዛ የሚገባውን ለማወቅ ብዙ ደከምን፤ ለለመለመው ይገባው የነበረው ግን አጥሩን ሁለት ክንድ ፈቀቅ ማድረግ ብቻ ነበር።